ማድጋው ውስጥ የነበረው ዱቄት ነው፦ ስለ እግዚአብሔር መግቦት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከቴሌግራም ቡድን ወደ ቡድን ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። በእግዚአብሔር ፍቅርና መግቦት ስለ መታመን ይናገራል። አጻጻፉ ልብ ይነካል፤ ጸሐፊውም ለታይታ እንዳልጻፉት ያስታውቃል። በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም ሰፈር «አሜን» ተብሎለታል። እኔ ግን አሜን ማለት የምችለው እስከ ግማሹ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት መድኃኒት ያስጥላል፣ የቤት ኪራይ ብር ያሰጣል፣ የታመመን ሰው ደግሞ «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» እያለ በሕመሙ ላይ ሕመም ይጨምርበታል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። መነሻቸው «እግዚአብሔር አባት ነው፤ አባት ልጁን አይረሳም» የሚል ነው። ከዚህ ተነሥተው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ጌታ «አትጨነቁ» ብሏልና ለነገ ማቀድ፣ መቆጠብና መድን መግባት አለማመን ነው። ሁለተኛ፣ እስራኤል በመና፣ ኤልያስ በቁራ፣ የበረሃ አባቶችም ያለ ሥራ ኖረዋልና የታመነ ሰው እጁን አጣጥፎ ቢጠብቅ አያፍርም። ሦስተኛ፣ የመታመን መለኪያው እንደ መበለቲቱ የመጨረሻዋን ሳንቲም መስጠት ነው። አራተኛ፣ እግዚአብሔር የሚወደው ሰው ከመከራ ይጠበቃል፤ መከራው ከጸና አንድ የተደበቀ ጥርጥር አለ። አምስተኛ፣ ከጸሎትና ከጸበል ጋር መድኃኒት መውሰድ በሁለት አሳብ ማንከስ ነው።

ትክክል የሆኑበትን አስቀድሜ ልናገር። ጭንቀትን እንደ ጥበብ የምንቆጥርበት ጊዜ መጥቷል። የባንክ ደብተሩን ጸሎት መጽሐፉ ያደረገ ክርስቲያን አለ። እግዚአብሔር ያለ ሐኪም እንደሚፈውስም አልጠራጠርም፤ የሚጠራጠር ሰው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከወንጌሉ ጋር ነው የሚከራከረው። ጠባችን ከመነሻው ጋር አይደለም። አባት ልጁን አይረሳም፤ እውነት ነው። አባት ልጁን የሚመግበው በምን መንገድ ነው በሚለው ላይ ነው የምንለያየው።

ከ«አትጨነቁ» እንጀምር። ማቴዎስ 6 ላይ ያለው የግሪኩ ግሥ «ሜሪምናኦ» ነው። ይህ ግሥ ማሰብን፣ ልብ መጣልን፣ ሲከፋም በሐሳብ መከፋፈልን ያመለክታል። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው አንድ መልእክት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠቅሞበታል። በምዕራፍ 4 ቁጥር 6 ላይ «በአንዳች አትጨነቁ» ለማለት፣ በምዕራፍ 2 ቁጥር 20 ላይ ደግሞ ጢሞቴዎስን ለማመስገን፦ እንደ እርሱ ስለ እናንተ ኑሮ ከልቡ የሚያስብ ሌላ ሰው የለኝም ለማለት። ግሡ ያው ነው። ማሰብ ሁሉ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ጢሞቴዎስ በተመሰገነበት ነገር በተወቀሰ ነበር።

ወፎቹንም ጸሐፊው አንሥተዋል። አይዘሩም፣ አያጭዱም፣ በጎተራም አይከቱም፤ ልክ ነው። ግን ጎጆዋ ውስጥ አፏን ከፍታ የምትጠብቅ የጫጩት እናት ያየ ሰው አለ? ድንቢጥ ከንጋት እስከ ምሽት ስትለቅም ነው የምትውለው። የሰማዩ አባት ይመግባታል ሲባል ጥሬውን በምድር ላይ፣ ክንፉን በእሷ ላይ አኑሮላታል ማለት ነው። ስለ ድንቢጥ ካነሣን አይቀር ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ሒሳብ አለ። በማቴዎስ 10 ሁለት ድንቢጦች በአምስት ሳንቲም ይሸጣሉ፤ በሉቃስ 12 ደግሞ አምስቱ በአሥር። አምስተኛዋ ምርቃት ናት። ገበያው ዋጋ ያላወጣላት ያቺ ምርቃት እንኳ በእግዚአብሔር ፊት አልተረሳችም። ስለ ፍቅሩ ከዚህ የበለጠ ለስላሳ ቃል አላውቅም። ሆኖም ያው ማቴዎስ ድንቢጧ ያለ አባታችሁ በምድር ላይ አትወድቅም ይላል እንጂ ጨርሶ አትወድቅም አይልም። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ አራተኛው ነጥብ ስንደርስ ይፈለጋል።

ዕቅድና ቁጠባ አለማመን ከሆኑ ዮሴፍን ምን እናድርገው? ሕልሙን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ከሕልሙ በኋላ የመጣው ግን ጎተራ ነው። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ ከአምስት እጅ አንዱ ተሰበሰበ፤ ይህ ከመቶ 20 ነው። በሐዋርያት ሥራ 11 ላይም እንዲሁ። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ታላቅ ራብ እንደሚመጣ በመንፈስ ተናገረ። የአንጾኪያ ምእመናን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው አልተቀመጡም፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጣ፣ ገንዘቡም በበርናባስና በሳውል እጅ ወደ ይሁዳ ተላከ። ትንቢቱ መዋጮ አስነሣ። ጌታም አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ የተረፈው አንድም ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብ። እንጀራን ከምንም ማብዛት የሚችል አምላክ ቍርስራሽ አስለቅሟል!

ጸሐፊው ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበውን ባለጠጋ ጠቅሰዋል። መልካም። ግን የሰውዬውን ንግግር አንድ በአንድ ይቁጠሩት፦ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ንብረቴ፣ ነፍሴ። ሌላ ሰው የለበትም። የዮሴፍም የዚህ ባለጠጋም ጎተራ ያው ጎተራ ነው። አንዱ ለተራበ ሕዝብ ተከፈተ (በነፃ ባይሆንም)፤ ሌላው ለአንድ ሆድ ተዘጋ። የያዕቆብ መልእክትም «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ሲል ወደ ከተማው አትሂዱ፣ አትነግዱ አላለም፤ ዕቅዳችሁ ላይ ባለቤቱን አትርሱ አለ።

ጭንቀትን ከዕቅድ ለመለየት አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ ዕቅድ ያልቃል። ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ይደመራል፣ ይዘጋል። ጭንቀት ግን አዲስ ነገር ሳይጨመርበት ያንኑ ጥያቄ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መልሶ ያመጣዋል። ስለዚህ መታመን የሚፈልግ ሰው የወሩን አስገዳጅ ወጪ (ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ) በጽሑፍ ያስፍር። መጀመሪያ የአንድ ወሩን ያህል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የሦስት ወሩን ያህል ለብቻው ያስቀምጥ። ይህ ገንዘብ ከእቁቡና ከዕድሩ መለየት አለበት። ዕድር በአብዛኛው የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ በሕይወት ላለ በሽተኛ አይመጣም። እቁብ ደግሞ በዕጣ ነው፤ ሕመም ተራ አይጠብቅም። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የገባ ሰውም እግዚአብሔርን አልካደም፤ ጎረቤቱ ሲታመም የእሱ መዋጮ ይከፍላል፣ እሱ ሲታመም የጎረቤቱ። «የእርስ በርሳችሁን ሸክም ተሸከሙ» የሚለው ቃል በደረሰኝ ቢፈጸም ምን ነውር አለው? መድኑ ግን በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሳይታደስ ከቀረ መታወቂያው ጤና ጣቢያ ላይ አይሠራም።

ወደ መናውና ወደ ቁራው እንለፍ። እውነት ለመናገር የጸሐፊው ምሳሌዎች እሳቸውን አይረዷቸውም።

መና ከሰማይ ወረደ፤ አፍ ውስጥ ግን አልወረደም። ዘጸአት 16 በየማለዳው ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (ሁለት ሊትር ገደማ) ልቀሙ ይላል። ፀሐይ ከሞቀ ይቀልጣል፤ ያረፈደ አያገኝም። ለነገ ያስቀሩት ተላ፣ ሸተተ። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁመዋል። ምዕራፉ ግን ይቀጥላል፤ በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲለቅሙና ለሰንበት እንዲያስቀምጡ ታዘዙ፣ አልሸተተም፣ አልተላም። ማስቀመጥ በራሱ ቢያስኮንን ኖሮ ዓርብም በሸተተ ነበር። በአምስቱ ቀን ያሸተተው አለመታዘዝ ነው፤ በስድስተኛው ቀን ማስቀመጡ ራሱ መታዘዝ ሆነ። ከነዓን ገብተው የምድሪቱን ፍሬ በበሉ ማግስትም መናው ቀረ፤ ኢያሱ 5፥12። መሬት ሲገኝ ሞፈርና ቀንበር ተገኘ፤ እግዚአብሔር መመገቡን አላቆመም፣ መንገዱን ቀየረ።

ኤልያስም እንዲሁ። ቁራዎቹ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ አመጡለት፤ ውኃው ግን ከኮራት ፈፋ ነበር፤ ዝናብ ስለጠፋ ፈፋው ደረቀ። በዚያ ጊዜ ሌላ ተአምር ከሰማይ አልወረደም፤ «ተነሥተህ ወደ ሰራፕታ ሂድ» ተባለ፤ ረጅም የእግር መንገድ። ሰራፕታ ላይ ያገኘው ሰው ማንን ነው? ጭራሮ የምትለቅም መበለት። ማድጋው ውስጥ ያላለቀው ዱቄት ነው፤ የተጋገረ እንጀራ አይደለም። በማሰሮውም ያልጎደለው ዘይት ነው። በየቀኑ እንጨት መልቀም፣ ማቡካት፣ መጋገር የሴቲቱ ድርሻ ሆኖ ቀረ። ተአምሩ ሥራዋን አልሻረባትም፤ ሥራዋ ባዶ እንዳይሆን አደረገ። ስለ መግቦት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም።

የበረሃ አባቶች ያለ ሥራ ኖሩ የሚለው ደግሞ ስሕተት ነው። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስን እንውሰድ። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደጻፈለት ከወላጆቹ የወረሰው 300 አሩራ፣ ማለትም ወደ 80 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነበር። «ያለህን ሽጥ» የሚለውን በቤተ ክርስቲያን ሰምቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ ዕቃውን ሸጦ መጸወተ፤ ለትንሽ እኅቱ ግን ጥቂት አስቀረ። በኋላ «ስለ ነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሲሰማ ያችንም ሰጠ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ደጋፊዎች ያጨበጭባሉ፤ ቆዩ። እኅቱን ሜዳ ላይ አልጣላትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ነው የወጣው። በረሃ ገብቶም በእጁ ይሠራ ነበር፤ የማይሠራ አይብላ የሚለውን ሰምቷልና። ከሚያገኘው ከፊሉን ለእንጀራ፣ ከፊሉን ለድሃ ያውለው ነበር። በዓለም ላይ በ«አትጨነቁ» የታወቀው ሰው ሠራተኛ ነበር፤ ኃላፊነቱንም አስረክቦ እንጂ ትቶ አልሄደም። የእኛዎቹ ገዳማትም ቢሆኑ መነኮሳቱ እንደሚያርሱና እንደሚፈጩ የሄደበት ሁሉ ያውቃል።

ስለ መስጠቱ ነገር አጭር ልሁን። መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ጣለች፤ ጌታም አከበራት። ከዚያ በፊት ባለው በማርቆስ 12፥40 ላይ ግን የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ኮንኗል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ሰጪዋን ለሚያመሰግን ሁሉ ተቀባዩን እንዲመረምር ያስገድዳል። ከእርሷ የመጨረሻውን ሳንቲም ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም ማይክራፎን ይዞ አልቆመባትም። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ስጦታ ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንደማይፈለግ፣ ሌላው አርፎ እናንተ እንድትጨነቁ እንዳልፈለገ ይናገራል። መቶ እጥፍ የሚለው ተስፋም በማርቆስ 10፥30 «ከስደት ጋር» የሚል ጓዝ አለው፤ በስብከት ላይ ይህች ጓዝ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ትቀራለች።

ሌላም አለ። የሚሰጠው ብር የማን ነው? የእቁብ ብር የአባላቱ አደራ ነው። የተበደሩት የአበዳሪው ነው። ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት ለወንድሟ ትምህርት ብላ የላከችው ብር የወንድሟ ትምህርት ነው። ጌታ በማርቆስ 7 ላይ «ቁርባን ነው» ብለው ወላጅ የሚጦርበትን ለመቅደስ የሚያውሉትን የተቆጣው ለዚህ ነው። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ሁሉ እግዚአብሔር የጠየቀው አይደለም። ስለ ሚልክያስ 3 አልክድም፤ «ፈትኑኝ» ይላል። ያ ግን ስለ አሥራት ነው፤ የኪራይ ብርን አይጨምርም።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ብዙ ሰው ወደሚያለቅስበት ነጥብ። ያዙልኝ ያልኋችሁን ድንቢጥ አስታውሱ፤ ያለ አባታችሁ አትወድቅም ተባለ እንጂ ጨርሶ አትወድቅም አልተባለም። የሚወደደው አይታመምም? የአልዓዛር እኅቶች ወደ ጌታ የላኩት መልእክት «እነሆ፥ የምትወደው ታሞአል» የሚል ነው። መወደዱና መታመሙ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ዮሐንስ ይባስ ብሎ ኢየሱስ ይወዳቸው እንደነበር ከጻፈ በኋላ ወዲያው ሁለት ቀን ባለበት ቆየ ይላል። ሮሜ 8 ከክርስቶስ ፍቅር ሊለዩን የማይችሉትን ሲዘረዝር ራብ አለበት፣ ራቁትነት አለበት፣ ሰይፍ አለበት። የተወደደ ሰው የማይራብ ቢሆን ራብ በዝርዝሩ ውስጥ ምን ይሠራል?

ዕብራውያን 11ን ጸሐፊው እስከ አጋማሹ ጠቅሰውታል። ቁጥር 34 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፤ ቁጥር 37 ላይ በሰይፍ የተገደሉ አሉ። እምነታቸው አንድ ነው፤ ሰይፉም አንድ ነው። በሐዋርያት ሥራ 12 ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ያዕቆብ ከጴጥሮስ ይልቅ ተጠራጣሪ ነበር የሚል ካለ ማስረጃ ያምጣ። ጳውሎስ ሥጋውን የሚያሠቃየው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወሰደም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ሠለስቱ ደቂቅ (ለንጉሡ ምስል አንሰግድም ብለው ወደ እሳት የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች) እሳቱ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ ባያድነንም እንኳ ለምስሉ አንሰግድም አሉ። ይህ «ባያድነንም» የሚለው ቃል በጸሐፊው መዝገብ እንደ ጥርጥር ይቆጠራል። እኛ ግን በየዓመቱ በዓላቸውን የምናከብረው ለዚህ ቃል ጭምር ነው።

በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። «ምን አድርገህ ይሆን?» አይባልም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ሲቀመጡ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው። ይልቅ ተራ ገብቶ ማደር፣ የልጆቹን ምሳ መቋጠር፣ የመድኃኒት ማዘዣውን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ መዞር። በሽተኛው «እግዚአብሔር ረሳኝ» ቢል ለመከራከር መቸኮል አያስፈልግም፤ ዳዊትም ብሎታል፣ መዝሙር ሆኖ ይደገማል።

ከሁሉ አስቸኳዩን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት ስለፈለግሁ ነው። መድኃኒቱ። የጸሐፊው መከራከሪያ «የተስፋ ቃል ካለህ ሌላ መንገድ መፈለግ ክህደት ነው» የሚል ነው። ለዚህ ከሐዋርያት ሥራ 27 የተሻለ መልስ የለም። ጳውሎስ ወደ ሮም ሲጓዝ ማዕበል ተነሣ። መርከቧ ላይ 276 ሰው ነበር። መልአክ ቆሞ ከእናንተ አንድም ነፍስ አይጠፋም የሚል ቃል ሰጠው። ከዚህ የጠራ ተስፋ የት ይገኛል? ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። መርከበኞቹ ጥልቀቱን በገመድ ለኩ፤ መጀመሪያ 36 ሜትር ገደማ፣ ጥቂት አልፈው 27። ዐለት እንዳይመታቸው ከኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ያው ጳውሎስ፣ ያ ተስፋ የተቀበለው ጳውሎስ፣ እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም አለ። ከዚያ እንጀራ አስበላቸው፣ ስንዴውን ጣሉ፤ ዋና የሚችለው ዋኘ፣ የማይችለው በሳንቃ ወጣ። ሁሉም ዳኑ። ተስፋው መልሕቁን አላስቀረውም፤ መልሕቁም ተስፋውን አላሳነሰውም። እግዚአብሔር ፍጻሜውን ሲሰጥ ሳንቃውንም ይሰጣል። ሳንቃውን የጣለ ሰው ሰጪውንም ሰድቧል።

ጸሐፊው ንጉሥ አሳን ጠቅሰዋል፤ እግሩን ታሞ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም (2ኛ ዜና 16፥12)። ጥቅሱ ጠንካራ ነው፤ እቀበለዋለሁ። አሳን ያስወቀሰው ግን እግዚአብሔርን መተዉ ነው። ከእርሱ ጎን ሕዝቅያስን አስቀምጡት፤ ጸለየ፣ አለቀሰ፣ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ከዚያ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ተስፋውም ጥፍጥፉም ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ቅደም ተከተሉን ሳይቀር ያስቀምጣል፦ ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአት ንጻ፣ መባህን አቅርብ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒት ስፍራ ስጠው፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። 81ዱን መጻሕፍት የምንቀበል ሰዎች ይህን ምዕራፍ ዘለን ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒት መጻፍ አንችልም። የኤችአይቪ ጉዳይ ባየለበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናግረዋል። ነገሩ ያኔ መልስ አግኝቷል።

«ተፈወስኩ» የሚለው ምስክርነት መቼ እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። ሳሉ ግን በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል፣ ምግብ ይበላል፣ ኪሎ ይመለሳል። ሰው «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጠው ያኔ ነው፤ አደጋውም ያኔ ነው። የቀሩት ተሕዋስያን ብርቱዎቹ ናቸው፤ በሽታው ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል፣ ለቤተሰብም የሚተላለፈው ያው ነው። በኤችአይቪም እንዲሁ፤ በደም ምርመራ «ቫይረሱ አልታየም» የሚል ውጤት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው። ቫይረሱ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ አለ፤ መድኃኒቱ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይነሣል። ያን ወረቀት ይዞ መድረክ ላይ መውጣት የመድኃኒቱን ምስክርነት በሌላ ስም መመስከር ነው።

እግዚአብሔር በእርግጥ ቢፈውስስ? ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሂድ ራስህን ለካህን አሳይ አለው። በዘሌዋውያን 14 ካህኑ ይመረምራል፤ የነጻውም ሰው ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቆያል። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ስለዚህ ተፈወስኩ የሚል ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ለሚከታተለው ሐኪም ይንገር፣ ይመርመር፤ ማቆም ካለበት ሐኪሙ ያቁመው።

አንዳንዱ በሽታ ደግሞ ሳምንታት አይሰጥም። ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ማስታወክ፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ ከዚያም ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። በተቃራኒው ኢንሱሊኑን እንደወትሮው ወግቶ ቀኑን በባዶ ሆድ ጸበል ብቻ እየጠጣ የሚውል ሰው ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ይጮኻል። ጸበል ቦታ ላይ ይህ «መንፈሱ ተናገረ» ተብሎ ይያዛል፤ የሚያስፈልገው ግን ቶሎ ስኳር ነው፤ ራሱን ካልሳተ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ሲቆም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ከሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋር ማስማማቱም እንደሚባለው አይከብድም። ለቅዱስ ቁርባን የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ያለው ሰው ሰዓቱን ወደ ቀኑ 7 ሰዓት ቢያዛውር፣ ቅዳሜ ከዋጠ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ 18ቱ ሞልቶለታል፤ የእሑዱንም ከቅዳሴ በኋላ ይውጣል። ሰዓቱን የሚያዛውረው ግን ራሱ ሳይሆን ክትትል የሚያደርግለት ባለሙያ ነው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወስድ፣ ወይም ያለ ምግብ መዋጥ የማይችል ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ሕሙማን በጾም የሚታዩበት ሥርዓት አለ፣ አባቶችም ያውቁታል።

ጽሑፉን አንብበው መድኃኒት ያቋረጡ ካሉ፦ የቀረውን ፍሬና የክትትል ካርዱን ይዘው ወደ ጀመሩበት ጤና ጣቢያ ይመለሱ። ስንት ቀን እንዳቋረጡ በትክክል ይናገሩ፤ አንድ ሳምንትና ሁለት ወር ለሐኪሙ አንድ አይደሉም፣ ሕክምናው የሚቀጥልበት መንገድ በዚያ ይወሰናል። ያለፈውን ለማካካስ በአንድ ጊዜ ደርበው አይዋጡ። ቁጣ ፈርተው የሚያመነቱ ከሆነ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይሂዱ። ጠዋት ጸበሉን ጠጥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጤና ጣቢያው የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።